ጃቫን ኡቡንቱ ላይ መጫን፦ ከጄዲኬ እስከ ጃቫ_ሆም

«ጃቫ ጭኛለሁ፤ ኮዴን ኮምፓይል ሳደርግ ግን ጃቫሲ የለም ይለኛል። ምን ላድርግ?» ሴሚስተር በተጀመረ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመጣል። አንዱ በስክሪንሾት፣ ሌላው በድምፅ መልእክት ይልከዋል። መልሱ ግን ለሁሉም ያው ነው። ስለዚህ አንዴ በዝርዝር ልጻፈው፤ ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ እልክለታለሁ።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ኡቡንቱ ላይ ጃቫ ሳይኖር ተርሚናል ከፍታችሁ «ጃቫ» ብትሉ፣ ሲስተሙ ራሱ «እነዚህን መጫን ትችላለህ» ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ላይ የምታገኟቸው ስማቸው ውስጥ ጄአርኢ የሚል ያለባቸው ፓኬጆች ናቸው። ሰው የመጀመሪያውን ኮፒ አድርጎ ይጭናል፤ ነገሩም ያለቀ ይመስለዋል። ጄአርኢ ግን የተዘጋጀ የጃቫ ፕሮግራም ማስኬጃ ብቻ ነው። የጻፋችሁትን ኮድ ወደሚኬድ ፕሮግራም የሚቀይረው (ኮምፓይል የሚያደርገው) ኮምፓይለር ጃቫሲ ያለው ጄዲኬ ውስጥ ነው። ጄአርኢ ብቻ ያለው ሰው የተጋገረ እንጀራ መብላት ይችላል፤ ምጣድ ግን የለውም። ጄዲኬ ስትጭኑ ጄአርኢውም አብሮ ይመጣል፤ ሁለቱን ለየብቻ መጫን አያስፈልግም።

ስለ ትዕዛዞቹ አጻጻፍ

ትዕዛዞቹን በፊደላችን፣ እንደሚነበቡ አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ። ለጓደኛ በስልክ ለማንበብም ይመቻል። ተርሚናል ላይ የምትጽፏቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ሌላ ካላልኩ በቀር ሁሉም በትንሹ ፊደል። የጥቅስ ምልክቶቹን አትጻፏቸው። ሰረዝና ክፍት ቦታ ባለበት ግን ሰረዙንም ክፍት ቦታውንም እንዳለ ጻፉ። ጄዲኬ፣ ጄቪኤም፣ ዩኤስአር የመሳሰሉት ፊደል በፊደል የሚጠሩ ናቸው። ጃቫሲ ማለት ጃቫ ብላችሁ ሲን ያለ ክፍተት መጨመር ነው። ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኡቡንቱ 22.04 ወይም 24.04 የተጫነበት ኮምፒውተር። ሊኑክስ ሚንት ለምትጠቀሙም እርምጃዎቹ ያው ናቸው።
- የሱዶ፣ ማለትም የአስተዳዳሪ፣ ፈቃድ ያለው አካውንትና ፓስወርዱ። የትምህርት ቤት ላብ ከሆነ ይህን አስተዳዳሪውን ጠይቁ፤ ያለ እሱ አትቀጥሉም።
- ኢንተርኔት። ጠቅላላው ዳውንሎድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ የምትሠሩ ቀሪ ጥቅላችሁን አስቀድማችሁ እዩ።
- 1 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ።
- የተሞላ ባትሪ። ዴስክቶፕ ከሆነና መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ ሰዓቱን ምረጡ። ዳውንሎድ መሀል ቢጠፋ ችግር የለውም፤ ፓኬጁ እየተዘረጋ ሳለ ሲጠፋ ግን ማስተካከያ ይጠይቃል። እንዴት እንደሚስተካከል ታች አለ።

እርምጃዎቹ

1. ያለውን እዩ

ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ተርሚናል ይከፈታል። እነዚህን ሁለት ትዕዛዞች ተራ በተራ ስጡ፦

«ጃቫ -ቨርዥን»
«ጃቫሲ -ቨርዥን»

ሁለቱም የቨርዥን ቁጥር ከመለሱና ቁጥሩ አንድ ከሆነ ጄዲኬ አላችሁ፤ በቀጥታ ወደ 6ኛው እርምጃ ሂዱ። የመጀመሪያው መልሶ ሁለተኛው «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ ያላችሁ ጄአርኢ ብቻ ነው። ማጥፋት አያስፈልጋችሁም፤ ቀጥሉ። ይህን እርምጃ የሚዘሉ ሰዎች ናቸው በኋላ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ጃቫ የሚገኝባቸው።

2. ሰዓቱን አረጋግጡ

«ሰዓት ከጃቫ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። አፕት፣ ማለትም የኡቡንቱ ፓኬጅ ጫኚ፣ ከሰርቨሩ የሚያመጣው ዝርዝር የተዘጋጀበት ሰዓት ተጽፎበት ነው የሚመጣው። የእናንተ ኮምፒውተር ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ዝርዝሩ ከወደፊት የመጣ ይመስለዋል፤ «ገና አልጸናም» ብሎ ይጥለዋል። እኛ ጋ ይህ የሚደርሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የቆየ ላፕቶፕ ሆኖ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ስታልቅ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውየው የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጁ በሐበሻ አቆጣጠር ሲሞላው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 2 ብሎ ከሞላ ኮምፒውተሩ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ያ ሰዓት 8 ነው።

«ዴት» ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። የሚያሳያችሁ ቀንና ሰዓት ልክ ካልሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ዴት ኤንድ ታይም የሚለውን ክፈቱ። ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል አድርጉት። የጊዜ ክልሉን አዲስ አበባ በሉት፤ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ያላችሁበትን ከተማ ምረጡ።

3. የፓኬጅ ዝርዝሩን አድሱ

«ሱዶ አፕት አፕዴት»

ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ኡቡንቱ ላይ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ነጥብ እንኳ የለም። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ጻፉና ኢንተር በሉ።

ይህ ትዕዛዝ ምንም ነገር አይጭንም። ሰርቨሩ ላይ ምን ምን ፓኬጅ፣ በየትኛው ቨርዥን እንዳለ የሚገልጸውን ዝርዝር ብቻ ያመጣል። ካልታደሰ አፕት ሰርቨሩ ላይ ከአሁን በፊት የተነሣ ፋይል ሊፈልግ ይሄድና 404 የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። አዲስ የተጫነ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ፓኬጁን ጭራሽ አያውቀውም።

4. ጄዲኬውን ጫኑ

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኦፕንጄዲኬ-21-ጄዲኬ»

ኦፕንጄዲኬ አንድ ቃል ነው፤ ክፍተት የለውም። 21 የጻፍኩት ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚያገኙት ቨርዥኖች አንዱ ስለሆነና በሁለቱም የኡቡንቱ ቨርዥኖች ላይ ስለሚገኝ ነው። መምህራችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ 17 ተጠቀሙ ካለ በ21 ቦታ 17 ጻፉ። ዝም ብላችሁ «ዲፎልት-ጄዲኬ» የሚለውን ፓኬጅ ብትጭኑም ይሠራል። ግን ኡቡንቱ 22.04 ላይ የሚመጣላችሁ 11 ነው፤ 24.04 ላይ 21 ነው። ከጓደኛችሁ ጋር አንድ ፕሮጀክት የምትሠሩ ከሆነ ቁጥሩን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

አፕት ከመጀመሩ በፊት ስንት ሜጋባይት እንደሚያወርድና ዲስክ ላይ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ይነግራችሁና ይጠይቃል። ዋይ ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዝርዝር ውስጥ ስሙ «ሄድለስ» በሚል የሚያበቃ ፓኬጅ ታያላችሁ። እሱ መስኮትና በተን የሌለው፣ ለሰርቨር የተዘጋጀ ነው። በስዊንግ፣ ማለትም በጃቫ የመስኮት መሥሪያ፣ የምትሠሩ ከሆነ ኮዱ ኮምፓይል ይሆናል፤ ሲሄድ ግን መስኮት መክፈት አልችልም ብሎ ይወድቃል። ለላፕቶፕ ሙሉውን ጫኑ። ሌላው የመስኮት መሥሪያ ጃቫኤፍኤክስ ደግሞ ከሁለቱም ውስጥ የለም፤ «ኦፕንጄኤፍኤክስ» በሚባል ሌላ ፓኬጅ ነው የሚመጣው።

ሌላው ማስጠንቀቂያ፦ ለዊንዶውስ የተዘጋጀውን የጃቫ መጫኛ አውርዳችሁ ኡቡንቱ ላይ ደብል ክሊክ አታድርጉ፤ አይሠራም። ከማይታወቅ ሳይት ላይ ስክሪፕት ኮፒ አድርጋችሁ በሱዶ ማስኬድ ደግሞ ከነጭራሹ ይቅርባችሁ። ሱዶ ማለት ኮምፒውተሩን ከነቁልፉ አሳልፎ መስጠት ነው። አፕት የሚያመጣውን ግን ፊርማውን አረጋግጦ ነው፤ የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣም ከሌላው ሲስተም ጋር አብሮ ያድስላችኋል።

5. ሁለቱንም አረጋግጡ

1ኛው እርምጃ ላይ የሰጣችኋቸውን ሁለት ትዕዛዞች ድገሙ። አሁን ሁለቱም 21 ማለት አለባቸው። «ጃቫ» ብቻዋን ብትመልስ አትደሰቱ፤ የምንፈልገው ጃቫሲን ነው። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ከመለሱ 7ኛውን እርምጃ ሳትሠሩ አትለፉ።

6. ሞክሩት

«ጄሼል» ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። ጄ ፊደልና ሼል ያለ ክፍተት ናቸው። ጄሼል የጃቫ ኮድ በአንድ በአንድ መስመር የሚሞከርበት ነው፤ የሚመጣውም ከጄዲኬ ጋር ስለሆነ መከፈቱ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። 1+1 ብላችሁ ኢንተር በሉ፤ 2 ይመልሳል። ለመውጣት ኮንትሮልና ዲ።

ቀጥሎ እውነተኛ ፋይል ኮምፓይል አድርጉ። የክፍል ሥራችሁ ፋይል «ሄሎ.ጃቫ» ነው እንበል፤ የኤች ፊደል ትልቅ። ፋይሉ ያለበትን ፎልደር ክፈቱ፤ ባዶ ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኦፕን ኢን ተርሚናል የሚለውን ምረጡ። ከዚያ፦

«ጃቫሲ ሄሎ.ጃቫ»
«ጃቫ ሄሎ»

የመጀመሪያው ምንም ሳይናገር ከተመለሰ ተሳክቷል። ተርሚናል ላይ ዝምታ ጥሩ ዜና ነው። ፎልደሩን ብታዩት መጨረሻው ክላስ የሆነ አዲስ ፋይል ተፈጥሯል። ሁለተኛው ያንን ያስኬዳል። ልብ በሉ፣ ስታስኬዱ የክላሱን ስም ብቻ ነው የምትጽፉት። መጨረሻው ላይ ነጥብ ክላስ ብላችሁ ብትጨምሩ ዋናውን ክላስ አላገኘሁም ይላችኋል።

ኡቡንቱ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል። ፐብሊክ የተባለው ክላስ በትልቅ ኤች ተጽፎ ፋይሉ በትንሽ ኤች ከሆነ ኮምፓይለሩ አይቀበለውም። ከዊንዶውስ የመጣችሁ እዚህ ላይ ነው የምትደናገጡት።

እዚህ ድረስ ከሠራ ለአብዛኞቻችሁ በቂ ነው። የሚቀጥሉት ሁለት እርምጃዎች ለሚመለከታቸው ብቻ ናቸው፤ ሳያስፈልግ አትነካኩ።

7. ከአንድ በላይ ጃቫ ካላችሁ አንዱን ምረጡ

ጄዲኬዎች ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። «ጃቫ» ስትሉ የትኛው ይነሣ የሚለውን የሚወስን አንድ ምርጫ አለ፤ «ጃቫሲ» ስትሉ ደግሞ ሌላ፣ የራሱ ምርጫ አለው። ጣጣው የሚመጣው አንዱን ቀይረው ሌላውን ሲረሱት ነው። ሁለቱንም ስጡ፦

«ሱዶ አፕዴት-አልተርኔቲቭስ --ኮንፊግ ጃቫ»
«ሱዶ አፕዴት-አልተርኔቲቭስ --ኮንፊግ ጃቫሲ»

ከኮንፊግ በፊት ያለው ሰረዝ ሁለት ነው። ቁጥር የተሰጠው ዝርዝር ይመጣል፤ የምትፈልጉትን ቁጥር ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። በሁለቱም ላይ ተመሳሳዩን ቨርዥን ምረጡ። አንድ ብቻ አለ ብሎ ዝርዝር ካላወጣ ምንም መምረጥ አያስፈልግም።

ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ቀርተው እንደሆነ የምታውቁት እንዲህ ነው። ኮዱ በሰላም ኮምፓይል ይሆናል፤ ስታስኬዱት ግን የክላስ ፋይሉ ቨርዥን 65 ነው፣ እኔ የማውቀው እስከ 61 ነው የሚል ዓይነት ረጅም መልእክት ይመጣል። ከነዚህ ቁጥሮች 44 ቀንሱ። 65 የጃቫ 21 ነው፤ 61 የጃቫ 17፤ 55 የጃቫ 11፤ 52 የጃቫ 8። ስለዚህ መልእክቱ የሚለው፣ ኮዱ በ21 ተዘጋጅቶ በ17 ሊኬድ ተሞከረ ነው። መልሱ ኮዱን መቀየር አይደለም፤ ሁለቱን ማስማማት ነው።

8. ጃቫ_ሆም፣ የሚጠይቅ ፕሮግራም ካለ ብቻ

የጃቫ ፕሮጀክት የሚገነባው ሜቨንና ሌሎችም መሣሪያዎች ጄዲኬው የት ፎልደር እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። መልሱን የሚያገኙት ጃቫ_ሆም ከሚባል ተለዋዋጭ ነው። ኮድ ኮምፓይል ለማድረግ ብቻ ከሆነ አያስፈልጋችሁም።

መጀመሪያ ቦታውን ፈልጉ፦

«ኤልኤስ /ዩኤስአር/ሊብ/ጄቪኤም»

ተቀራራቢ ስም ያላቸው ፎልደሮች ታያላችሁ፤ አንዱ ወደ ሌላው የሚጠቁም አቋራጭ ስለሆነ አትጨነቁ። የምንፈልገው «ጃቫ-21-ኦፕንጄዲኬ-ኤኤምዲ64» የሚለውን ነው። «የኔ ኮምፒውተር ኢንቴል ነው፤ ለምን ኤኤምዲ ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የ64 ቢት የኢንቴልም የኤኤምዲም ፕሮሰሰር በኡቡንቱ ዘንድ ስሙ ያው ነው። ትክክል ነው።

አሁን ፋይሉን ክፈቱ፦

«ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት»

እዚያ ውስጥ ፓዝ የሚል መስመር አለ። እሱን በፍጹም አትንኩት፤ ከተበላሸ በሚቀጥለው ስትገቡ ተርሚናሉ ተራ ትዕዛዞችን እንኳ ማግኘት ያቅተዋል። ከሥሩ አዲስ መስመር ጨምሩ። ጃቫ_ሆምን ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ጻፉ፤ በሁለቱ ቃላት መሀል የታች ሰረዝ አለ። ከዚያ እኩል ይሆናል ምልክት፤ ከዚያ ከዩኤስአር ጀምሮ እስከ ኤኤምዲ64 ድረስ ያለውን ሙሉ አድራሻ፣ በመነሻው ስላሽ አድርጋችሁ። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አይኖርም። ኮንትሮልና ኦ፣ ኢንተር፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤክስ፤ ተቀምጦ ይዘጋል።

አድራሻው ፎልደሩ ላይ ማቆም አለበት። መጨረሻው ላይ ቢን ወይም ጃቫ የሚል የጨመረ ሰው ሜቨን «ጃቫ_ሆም በትክክል አልተሰጠም» ይለዋል። ምክንያቱም ሜቨን ከሰጣችሁት አድራሻ ላይ ራሱ ቢን ጨምሮ ነው የሚፈልገው። እዚህ ፋይል ላይ ኤክስፖርት የሚለውን ቃልም አትጻፉ፤ ያ የሚጻፈው ባሽአርሲ በሚባለው ፋይል ላይ ነው።

ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ተርሚናል መዝጋትና መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ይህ ፋይል የሚነበበው ሎግኢን ሲደረግ ነው። ከዚያ «ኤኮ $ጃቫ_ሆም» በሉ። አድራሻው ከታየ ጨርሳችኋል፤ ባዶ መስመር ከመጣ አጻጻፉን ተመልከቱ።

ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር

ላብ ውስጥ ሀያ ኮምፒውተር ኖሮ ኢንተርኔቱ አንዱ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ሀያ ጊዜ ማውረድ የለባችሁም። ኢንተርኔት ባለውና ጃቫ ገና ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ፦

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ ኦፕንጄዲኬ-21-ጄዲኬ»

ይህ ያወርዳል እንጂ አይጭንም። ፋይሎቹን «/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ፤ መጨረሻቸው ዴብ ነው። ሁሉንም ፍላሽ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ገልብጡ። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ያንን ፎልደር በተርሚናል ከፍታችሁ፦

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ»

ነጥቡና ስላሹ የግድ ናቸው። አፕት ፋይሉን ከኢንተርኔት ሳይሆን እዚሁ ፎልደር ውስጥ እንዲፈልግ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ኡቡንቱ አንድ ዓይነት ቨርዥን መሆን አለበት። ያወረዳችሁበት ኮምፒውተር ብዙ ነገር ተጭኖበት የቆየ ከሆነ፣ እሱ ያለውን ረዳት ፓኬጅ ድጋሚ ስለማያወርድ ሌሎቹ ላይ ሊጎድል ይችላል። አዲስ ከተጫነው ላይ ማውረድ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

«ዩናብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ» ካለ፣ መጀመሪያ ስሙን ደግማችሁ አንብቡ፤ ሰረዝ ወድቆ ወይም ኦፕን እና ጄዲኬ ተለያይተው ይሆናል። ቀጥሎ 3ኛውን እርምጃ ድገሙ። አሁንም ካልሆነ «ሱዶ አድ-አፕት-ሪፖዚቶሪ ዩኒቨርስ» ብላችሁ አፕዴት አድርጉ።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ካለ፣ ሌላ ፕሮግራም አፕትን ይዞታል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ከጀርባ የሚሠራው የራሱ ማሻሻያ ነው። ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። የሎክ ፋይሉን አጥፉት የሚል ምክር ታገኙ ይሆናል፤ አትስሙ። ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲጭን ነው ሲስተም የሚበላሸው።

መብራት መሀል ላይ ጠፍቶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩን ከፍታችሁ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» በሉ። ተጀምሮ የቀረውን ይጨርሰዋል። ከዚያ 4ኛውን ትዕዛዝ ድገሙ። የወረደው ፋይል ስለተቀመጠ ዳታችሁ እንደገና ከዜሮ አይበላም።

ዩዘሩ ሱዶኧርስ ውስጥ የለም ካላችሁ፣ አካውንታችሁ ፈቃድ የለውም። ፓስወርድ ደጋግሞ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ያዘጋጀውን ሰው ፈልጉ።

የቆየ ጃቫ ለማጥፋት የምትፈልጉ፣ ለምሳሌ 11ን፣ «ሱዶ አፕት ሪሙቭ ኦፕንጄዲኬ-11-ጄዲኬ» በሉ፤ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ»። ዋይ ከማለታችሁ በፊት የሚጠፉትን ዝርዝር አንብቡ። የማታውቁት ፕሮግራም ከገባበት ተዉት፤ የቆየው ጃቫ ቢቀመጥ ቦታ ከመያዝ በቀር አይጎዳም።

የመጨረሻው የኛው ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ አስገብታችሁ «ኢሊጋል ካራክተር» የሚል ስህተት ከመጣ፣ ጽሑፉ አይደለም ጥፋተኛው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ግዕዝ ፊደል ለጃቫ ችግር አይደለም። ኪቦርዱን ሳትመልሱ በእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ፈንታ ድርብ ሰረዝ፣ «፤»፣ ጽፋችሁ ነው። ዓይን ቶሎ አይለየውም፤ ኮምፓይለሩ ግን የምልክቱን ቁጥር ያወጣዋል። 1364 ድርብ ሰረዝ ነው፣ 1363 ነጠላ ሰረዝ፣ 1362 አራት ነጥብ። ስህተቱ ወደተጠቆመበት መስመር ሂዱ፤ ምልክቱን አጥፉና በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ደግማችሁ ጻፉት።